የተራራ ጫማ ከልባሽ ሱቅ፦ የሚገዛውና የማይነካው

ድሬዳዋ ላይ ጠንካራ የተራራ ጫማ የሚፈልግ ሰው መድረሻው ልባሽ ተራ ነው። በየሱቁ መስኮት የሚደረደረው አዲስ የስፖርት ጫማ ለከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ እንጂ ለቆንዱዶ ተራራ ቁልቁለት አልተሠራም፤ ዋጋውን ላየ ሰው ግን ሁለቱንም የሚችል ይመስላል። እኔም ሄጄ ሄጄ የቆምኩት መጋላ ውስጥ፣ ቦንዳ በሚፈታበት አንድ ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። ሱቁ ስም የለውም፤ ሰሌዳም አልተሰቀለበትም። ደንበኞቹ ባለቤቱን «ጫማ የሚያንጠለጥለው ሰውዬ» ይሉታል። የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለበዙ ስለ ዕቃውም ስለ ሰውየውም የማውቀውን እጽፋለሁ።

በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው አጥንት ሕክምና ክፍል ነው። በእረፍት ቀኔ ከጓደኞቼ ጋር ተራራ እወጣለሁ። ለማሟሟቂያ ሐረርን ከላይ ቁልቁል የሚያየው ሐኪም ጋራ አለ። ዋናው ጉዟችን ግን ቆንዱዶ ነው፤ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ፣ አናቱ ሜዳ የሆነ፣ ባለቤት በሌላቸው ፈረሶች የሚታወቅ። አንዳንዴ ደግሞ ከባቢሌ አልፈን ዳካታ ሸለቆ እንገባለን፤ እዚያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ ያሰኛል። ታዲያ ጫማ ስመርጥ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አልጋ ላይ ተቀምጦ ያበጠ እግሩን የሚያሳየኝ ሰው ነው።

ሱቁ ውስጥ ጫማዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በማሰሪያቸው ተቋጥረው ከብረት ዘንግ ላይ ይንጠለጠላሉ። ባለሱቁ ቦንዳ ከፈታ በኋላ ጫማውን በሳሙና ያጥባል፣ ሶሉን በሽቦ ብሩሽ ይፈትጋል፣ የተላጠውን ቆዳ በጥቁር ቀለም ይሸፍናል፣ ከዚያ ቆርቆሮ ላይ አስጥቶ ፀሐይ ያስመታዋል። የድሬ ፀሐይ ማስቲሽን ምን እንደምታደርገው ለድሬ ሰው አልነግርም። ስለዚህ የተወለወለውን ትቼ ገና ያልታጠበውን፣ ጥግ ላይ ካለው ክምር አነሳለሁ። ያልታጠበ ጫማ ታሪኩን አይደብቅም። ሶሉ በአንድ ጎኑ ብቻ ካለቀ የቀድሞ ባለቤቱ እግሩን አጋድሎ ይረግጥ ነበር፤ ያ ጫማ የእኔንም እግር ወደዚያው ያጋድለዋል።

ሰውየው ሲበዛ ጨዋታ አዋቂ ነው። ጫማ ሳገላብጥ፣ ሳጥፍ፣ ሳሸት ያየኝና «አቦ፣ አንቺ ደግሞ! ጫማ ነው የምትገዢው ወይስ በሽተኛ ነው የምትመረምሪው?» ይለኛል። ሁለቱንም እለዋለሁ። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጥሩ የቆዳ ጫማ ከ2,500 እስከ 4,000 ብር ይጠራል፤ የሚሸጠው ግን ከዚያ ወርዶ ነው። ለመከራከር ጠዋት ይሻላል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ሙቀቱና በርጫው ስለሚገናኙ ወይ ይዘጋል ወይ በአንድ ቃል ይቆርጣል፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

በዚህ ሱቅ ውስጥ እኔን የሚያስፈራኝ አዲስ የሚመስለው ጫማ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ። ብዙ የተራራ ጫማዎች ከታች ካለው ጎማና ከላይ ካለው ቆዳ መካከል ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር የተሠራ ስፖንጅ አላቸው፤ የእርምጃውን ጫና የሚውጠው እሱ ነው። ይህን ስፖንጅ እርጥበት ውስጥ ውስጡን ያፈርሰዋል። ዝናብ ወይም ወንዝ አያስፈልግም፤ አየር ላይ ያለው እርጥበት ይበቃዋል፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። የሚለበስ ጫማ በየእርምጃው እየታመቀና እየተለቀቀ እርጥበቱን ያስወጣል። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ግን ማንም ሳይረግጠው ያረጃል። ከተሠራ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ቆዳው እያብረቀረቀ፣ የጎማው ጥርስ ሙሉ ሆኖ ሳለ መሐሉ እንደ ከረመ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል።

ምርመራዬ ይህ ነው። አውራ ጣቴን በጎን በኩል ስፖንጁ ላይ አሳርፌ ጫን እላለሁ። ጤነኛው ይሰረጉድና ይመለሳል። የሞተው ወይ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ ወይ ጣቴ ባረፈበት ዙሪያ ቀጫጭን ስንጥቆች ያወጣል። ቀጥዬ ጫማውን ከጣቶቹ በኩል አጥፌ ጎማውና ስፖንጁ የተገናኙበትን መስመር እመለከታለሁ፤ ክፍተት ካለ ቀለሙ እዚያ ላይ ይቋረጣል። በመጨረሻ ምላሱን ገልጬ መለያውን አነባለሁ። ብዙ ጊዜ የተሠራበት ወርና ዓመት ታትሞበት ይገኛል። መለያው ከተቆረጠ ጫማውን ወደ ዘንጉ እመልሳለሁ፤ ሰውየው ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ቆንዱዶ አብሮን የወጣ አንድ ወጣት ወንድሙ ከካናዳ የላከለትን ጫማ ተጫምቶ ነበር። የሚያምር፣ ውድ፣ ምንም ያልተነካ ጫማ። እንዲያውም በእኛ ልባሽ ሲስቅ ነበር። ሲወጣ ደህና ሆነ። ስንወርድ፣ ጠጠሩ ከእግር ሥር የሚንከባለልበት ቦታ ላይ፣ የቀኙ ሶል ከተረከዙ ጀምሮ ተላቀቀና በየእርምጃው መሬቱን በጥፊ ይመታው ጀመር። በሻሽ አሰርንለት። ብዙም ሳይቆይ ግራውም ተከተለ፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ተሠርተው በአንድ ሳጥን የከረሙ ናቸውና አይገርምም። ሻሽ የታሰረበት ሶል ለስላሳ ድንጋይ ላይ አዳለጠው፣ እግሩ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ እዚያው ቁጭ አለ።

እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በቁርጭምጭሚት የውጭ ጎን ያለው ጅማት ነው። ስብራት መጠርጠር ያለበት መቼ እንደሆነ ለመለየት የካናዳዋ ኦታዋ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት መመሪያ አለ፤ ለዚህ ጣት ብቻ ስለሚበቃ ተራራ ላይም ይሠራል። በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጉብ ያሉትን ሁለት አጥንቶች፣ ከጫፋቸው ጀምሮ የኋላ ጠርዛቸውን ይዞ ወደ ላይ ስድስት ሴንቲሜትር ያህል እየተጫኑ መሄድ ነው። አጥንቱ ላይ ካመመ፣ ወይም ሰውየው እዚያው በተጎዳበት ቦታም ሆነ በኋላ ሲመረመር አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ራጅ መነሣት አለበት። የመሐል እግር አጥንቶችም ተመሳሳይ ፍተሻ አላቸው፤ በተለይ በትንሿ ጣት በኩል በእግር ጠርዝ መካከል ላይ ጎርበጥ የሚለው ቦታ መረሳት የለበትም። የእኛ ሰው አጥንቱ ላይ አላመመውም፣ እያነከሰም ቢሆን አራቱን እርምጃ ሄደ። ጫማውን ሳላወልቅ ከላይ በሰፊ ፋሻ ስምንት ቁጥር እያስመሰልኩ ጠመጠምኩለት፤ ተራራ ላይ የወለቀ ጫማ ያበጠ እግር ላይ ተመልሶ አይገባም። በሁለት ሰው ትከሻ ወረደ።

ማታ ቤተሰቡ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱት። በጠዋት ተደውሎልኝ ስሄድ እግሩ በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ተጠፍሮ፣ ጣቶቹ አብጠው ወይን ጠጅ መስለው ነበር። ስነካቸው አይሰማውም። ጨርቁን በመቀስ ከላይ እስከ ታች ተረተርኩትና ወደ ሐኪም ወሰድነው። ቶሎ ስለተደረሰ ዳነ። ወጌሻን በጅምላ የማጣጥል ሰው አይደለሁም፤ እጃቸው የለሰለሰ፣ ስብራት ሲያዩ «ይህ የእኔ አይደለም» ብለው የሚልኩ አሉ። ነገር ግን በእኛ ክፍል ከማያቸው ታካሚዎች ሁሉ አንጀቴን የሚበሉት ስብራቱ ሊድን ይችል የነበረ፣ እግራቸውን ያሳጣቸው ማሰሪያው የሆነ ልጆች ናቸው። ያበጠ እግር ቦታ ይፈልጋል። ጠብቆ ሲታሰር ደም አይዘዋወርም፣ ሥጋው ይሞታል። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ጠዋት እስኪሆን አይጠበቅ።

ወደ ሱቁ ልመለስ። እኔ የገዛሁት ቡናማ የቆዳ ጫማ ነው፤ 2,800 ብር ከፈልኩበት። ሶሉ ላይ ቢጫ፣ ባለ ስምንት ማዕዘን የቪብራም ምልክት አለው። የዚህ ጎማ ታሪክ ራሱ ከአደጋ የመጣ ነው። ቪታሌ ብራማኒ የተባለ የሚላን ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1935 ስድስት ባልንጀሮቹ አልፕስ ላይ ሞቱበት፤ ለዚህም ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ለበረዶና ለእርጥብ ድንጋይ የማይሆነው ጫማቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ይዞ ብቅ አለ፤ የድርጅቱ ስም ከስሙና ከአባቱ ስም የተቆራረሰ ነው። ባለሱቁ ቪብራም ያለበትን ጫማ ሲያገኝ ሶሉን ወደ ላይ ገልብጦ ይሰቅለዋል፣ አምስት መቶ ብርም ይጨምርበታል። ይጨምር፤ ጎማው ይገባዋል። ገዢው ግን ቢጫው ምልክት የሚናገረው ስለ ጎማው ብቻ መሆኑን ልብ ይበል። ከጎማው በላይ ያለው ስፖንጅ ሌላ ዕቃ ነው፤ የካናዳው ጫማም ቢጫውን ምልክት ይዞ ነበር።

ከድክመቱ ልጀምር፦ ተረከዙ ለሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዟል። መጀመሪያ አካባቢ ተረከዜን ውሃ እያስቋጠረ አሰቃየኝ። ሁለት ካልሲ መደረብ፣ ውስጠኛውን ስስ ማድረግ፣ የሚያቃጥለው ቦታ ገና ሲጀምር ቆም ብሎ ፕላስተር መለጠፍ አስተካከለው። ቁጥሩን አንድ ከፍ አድርጌ መግዛቴ ደግሞ ጠቀመኝ። ቁልቁለት ላይ እግር ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ልክ የሆነ ጫማ የአውራ ጣትን ጥፍር ያጠቁራል፤ ሥሩ ደም ይቋጥርና ጥፍሩ ይወልቃል። ውስጡ ያለውን ንጣፍ አውጥቼ ጥዬ አዲስ አስገባሁ፣ የሰው ፈንገስ መውረስ አልፈለግሁም። የጎኑን ስፌት ጫማ ሰፊ በሰም ክር ደገመልኝ። ከዚያ ወዲህ ቆንዱዶም ዳካታም ወስዶ መልሶኛል። ጉልበቴን ግን የትኛውም ጫማ አያድነውም፤ ለቁልቁለት ምርኩዝ ይያዝ።

ከቦንዳው ውስጥ አንዳንዴ ጫፋቸው የሾለ፣ ሶላቸው ልሙጥ የሆነ ትንንሽ ጫማዎች ይወጣሉ። ሰውየው «የዳንስ ጫማ» ብሎ ለሴት ልጆች ያሳያቸዋል። የአለት መውጫ ጫማዎች ናቸው። ዳካታ ላይ ድንጋይ መቧጠጥ ለሚወዱ ልጆች ጎማው ካልተበሳ ይሆናሉ፤ ለዳንስ ግን እግዜር ይሁናቸው። ሆን ተብለው ጠበው ስለሚሠሩ ቀኑን ሙሉ የሚለበሱ አይደሉም፤ አውራ ጣትን ያጣምማሉ። እግረ መንገዴን ለእነዚያ ልጆች ስለ ጣታቸው ልንገራቸው። የጣት ጅማት አጥንቱን ይዞ የሚቆየው በትንንሽ ቀለበቶች ታቅፎ ነው። በጣቶች ጫፍ ብቻ ጠባብ ጠርዝ ይዞ መንጠልጠል እነዚህን ቀለበቶች ሊበጥስ ይችላል፤ በተለይ የቀለበት ጣትን። ሲበጠስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። የተሰማው ሰው የዚያን ቀን ወርዶ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ጣቱን አሽቶ እንደገና መውጣት ጉዳቱን ያከብደዋል።

ከጫማ ሌላ ስላለው ዕቃ ምስጋናዬ ያበቃል። ሰውየው «የተራራ ሄልሜት» ብሎ ከሚሰቅላቸው ውስጥ የብስክሌትም የሕንፃ ሠራተኛም አሉበት። ልዩነቱ የቀለም አይደለም። በአውሮፓው የሕንፃ ሠራተኛ መስፈርት፣ ኢኤን 397 በሚባለው፣ የአገጭ ማሰሪያው ከ150 እስከ 250 ኒውተን (የጉልበት መለኪያ ነው) ባለው ጉልበት ላይ እንዲለቅ ተደርጎ ይሠራል፤ ሠራተኛው ቆቡ አንድ ነገር ላይ ቢያዝበት እንዳይታነቅ ነው። በተራራ መውጫው መስፈርት፣ በኢኤን 12492፣ ማሰሪያው ከ500 ኒውተን በፊት መልቀቅ የለበትም፤ የወደቀ ሰው እየተንከባለለ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሊመታ ስለሚችል ቆቡ ራሱ ላይ መቆየት አለበት። የሕንፃውን ቆብ አጥልቆ ተራራ ላይ የወደቀ ሰው ከመጀመሪያው ምት በኋላ ባዶ ራሱን ሊቀር ይችላል። ቁጥሩ ከውስጥ በኩል ተጽፎ ይገኛል።

አንድ እውነተኛ የተራራ ሄልሜት አግኝቼ ነበር፤ ብርቱካንማ። ገልብጬ ውስጡን ሳይ ፕላስቲኩ ላይ የታተመች ትንሽ ክብ አለች፤ ዙሪያዋን ከ1 እስከ 12 ቁጥሮች፣ መሐሏ ላይ ቀስትና 09። የተሠራው በ2009 ነው፣ ቀስቱ ወሩን ያሳያል፤ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር። ለፕላስቲክ ሄልሜት አምራቾች በአብዛኛው የሚሰጡት ዕድሜ ቢበዛ 10 ዓመት ነው። ጊዜው ባያልፍበትም ያገለገለ ሄልሜት አልገዛም ነበር፤ አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ስንጥቁ ላይታይ ይችላል፣ ማን ምን ላይ እንደጣለው ደግሞ ቦንዳው አይናገርም።

ገመዱ ይብሳል። ባለ ሰማያዊና ቢጫ ዝንጉርጉር፣ ላየው የሚያስጎመጅ ገመድ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ አጠገብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የተራራ ገመድ ናይለን ነው፤ የባትሪ አሲድ ናይለንን ይበላል፣ በዓይን የሚታይ ምልክት ሳይተውም ሊበላው ይችላል። ይህን ስነግረው ሰውየው «ይሄ አይሱዙ ይጎትታል!» አለኝ። ለመጎተት የሚመረጠው ገመድ የማይለጠጥ ነው። የሚወድቅን ሰው የሚይዝ ገመድ ደግሞ መለጠጥ አለበት፤ መስፈርቱ 80 ኪሎ ክብደት ተጥሎበት በመጀመሪያው ውድቀት ከ12 ኪሎ ኒውተን በላይ ጉልበት እንዳያደርስ ያዝዛል። ሳይለጠጥ ቀጥ የሚያደርግ ገመድ ወገብ ይሰብራል። ደግሞም ናይለን ያልተነካ ቢሆን እንኳ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ አያምኑትም። ባትሪውን አነሳልኝ፤ ገመዱን ግን ዛሬም «የተራራ» እያለ ይሸጠዋል፣ ይህን አልወደድኩለትም። ለጭነት ማሰሪያ ነው ቢል ማንንም አይጎዳም፣ ይሸጥለታልም። የቁልፍ መያዣ የሆኑትን ትንንሽ የብረት መንጠቆዎችም እንዲሁ ያደርጋቸዋል፤ እላያቸው ላይ ለመውጫ እንደማይሆኑ በእንግሊዝኛ ተቀርጾባቸው ሳለ።

የላባ ጃኬቶቹ ግን ይገዙ። ድሬ ላይ ሲታዩ ያስቃሉ፣ ቆንዱዶ ላይ ማታ አያስቁም። ወደ ስሜን ተራሮች ለመሄድ ጃኬት የሚገዙ ልጆችም አጋጥመውኛል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ። ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊመጣ ይችላል፤ ከ3,000 በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ ይመከራል። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ጓደኛ ካለ ሌሊትም ቢሆን ይዞ መውረድ ነው።

ሰውየው ዕቃ ይመልሳል፤ ይህ በልባሽ ተራ ብርቅ ነው። ጫማው ውጭ ካልተረገጠበት በሳምንት ውስጥ በሌላ ይለውጣል፣ ገንዘብ ግን አይመልስም። ቤት ውስጥ ካልሲ ደርቦ፣ ደረጃ ወጥቶ ወርዶ መሞከር ነው። ቦንዳ ሲፈታ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት መድረስ ያዋጣል። 39 ቁጥር ካጋጠማችሁ ለእኔ ተዉልኝ፤ ሁለተኛ ጥንድ እየፈለግሁ ነው።